በድንኳኑ ሥር የተገኘችው ሴት

ክረምቱ እንዳለፈ የእድሩን ትልቅ ድንኳን አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት የቆየ ልማድ ነው። ቤቴል፣ ከታክሲ ማዞሪያው ዝቅ ብሎ ወዳለው የእድሩ ዕቃ ቤት በማለዳ የመጡት ጎረምሶችም ለዚሁ ነበር። ሸራውን ግራና ቀኝ ይዘው ቢጎትቱት አልነቃነቅ አላቸው። አንደኛው ብረት ድስት ተጭኖት ይሆናል ብሎ ጫፉን ገለጥ ቢያደርግ በነጭ አቡጀዲ የተገነዘ ሰው ተጋድሞ አየ። ከዚያ በኋላ ከዕቃ ቤቱ ማን ቀድሞ እንደወጣ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ዋና ኢንስፔክተር ዱሬቲ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ረዳቷን ሳጅን አማኑን ሰው እንዲመልስ በሩ ላይ አቁማ ብቻዋን ገባች። ሟቿ ስድሳውን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት። አገጯ በጨርቅ ታስሯል፣ የእግሮቿ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ተቋጥረዋል፣ ገላዋ ታጥቧል። ደረቷ ላይ ግን የጠቆረ ሰንበር አለ። ሐኪሙ ዳሰስ አድርጎ ጎድኗ ሳይሰበር እንዳልቀረ፣ የተደበደበች እንደምትመስል ነገራት። መታወቂያ አልተገኘባትም። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ መልኳን አውቃለሁ ያለ የለም። የበሩ ጓጉንቸርም አልተነካም።

ዱሬቲ በፖሊስነት ዘመኗ ሬሳ የጣለ፣ የደበቀ፣ ወንዝ ውስጥ የከተተ ሰው አይታለች። ጎድን ሰብሮ ሲያበቃ አጥቦ የሚገንዝ ገዳይ ግን ገጥሟት አያውቅም። ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣማትም።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ናቸው። ጡረታ የወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ በመሆናቸው ዛሬም ሰውን የሚያዩት ፈተና ሊጥሉት እንደተዘጋጁ ሁሉ ነው። ያን ሌሊት የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ አድረው ነበር፤ አማኑ ሄዶ ቢጠይቅ ሲዘፍኑ ያዩዋቸው ብዙ ሆኑ። ሁለተኛዋ የእድሩ ጸሐፊ ኤልሻዳይ ናት። እሷም ቤተ ክርስቲያኗ ባዘጋጀው የአዳር ጸሎት ላይ ከዘማሪዎቹ ጋር ቆማ ነው ያነጋችው። ቀሩ ዘበኛው ጋሽ ቦሩ። እሳቸው እዚያው በር ላይ ነበሩ። እንቅልፍ ጥሎኝ ምንም አልሰማሁም አሉ። ዓይናቸው ግን ደም ለብሷል፤ የተኛ ሰው ዓይን አይመስልም።

ዱሬቲ ሽማግሌውን አግባብታም ተቆጥታም ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን እያዩ መልሰው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ባለቤት ነኝ ብሎ የመጣ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም ጋሽ ቦሩ።»

«እህ» አሉና ትከሻቸው ዘና አለ።

ሬሳ በሚጠብቀው ቤት ተገኝቶ ባለቤት በመጥፋቱ ልቡ የሚረጋ ዘበኛ፣ ዱሬቲ ምን ታድርገው? ወደ ጣቢያ ወሰደቻቸው። አማኑ ጉዳዩ ያለቀ መስሎት ነበር።

የእድሩ ቢሮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ዱሬቲ ሟቿ ከአባል ቤተሰቦች አንዷ ትሆን እንደሁ ለማጣራት ብትሄድ መዝገቡ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ኤልሻዳይ ሲስተሙን የሠራላቸውን ልጅ ጠርታ ነበር። ማኑሄ ይባላል። ከነእናቱ ወደ ቤቴል የገባው በቅርብ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ በመሆኑ ሥራውን ለእድሩ በነፃ ሠርቶ ብዙ ምርቃት አግኝቷል። ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ፊቱ የገረጣ ወጣት ነው። ዱሬቲ ሲመሽ የሚሠራ ሰው ይሆናል ብላ አለፈችው።

ማኑሄ ረጋ ብሎ አስረዳት። እድሩ የሚቀብረው አባሉንና አባሉ ያስመዘገበውን ሰው ነው። ስሙ አጠገብ የዝምድና ዓምድ አለ። ድሮ በእጅ ሲጻፍ ሰው ያሻውን ያሰፍርበት ነበር። አንዱ አብሮ አደጌ ይላል፣ አንዱ የአገሬ ልጅ፣ ሌላው የልብ ሰው። ያልታወቀ ሰው ሊሞት ሲል ዘመድ እየተደረገ እየመጣ እድሩን ሰላም ነሳው። ስለዚህ ሲስተሙ ሲሠራ ዓምዱ ከተወሰኑ ቃላት ሌላ እንዳይቀበል ተዘጋ።

«የትዳር ጓደኛ፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት» አለ ማኑሄ። «ከእነዚህ ሌላ ከተጻፈበት ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል። ጸሐፊዋ ብትፈልግም አትችልም።»

«ከአምስቱ የማይገባ ሰውስ?»

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«ለሲስተሙ የለም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

አምስት ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ማን እንዳመጣው ስትጠይቅ ኤልሻዳይ ማኑሄን አየችው። እሱ ነበር። ለጉባኤው ለየት ያለ ሁኔታ አንዴ ከተፈቀደ ሥርዓት አይሆንም ብሎ ያስረዳው፣ የገነባው ሰው እንዳሻው እንዳይቀይረው ዋናውን ፓስወርድ ዳኛው ይያዙት ያለው እሱ ነው። ሰዉም አጨብጭቦለታል።

ዱሬቲ የሟቿን ፎቶግራፍ ሰጠችው። ብዙ ከማየቱ የተነሳ ያወቃት መስሏት ነበር።

«አላውቃትም» አለ።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲመልሰው አልጣለውም፤ እንደተኛ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ጫፉን አስተካከለ። ዱሬቲ ይህን አየች። ትርጉሙ ግን ወዲያው አልመጣላትም።

ስትወጣ አቶ ወልደሰንበት በረንዳው ላይ ይዘዋት ቆሙ። ባለቤት ካልተገኘ ማዘጋጃ ቤት ነው አይደል የሚቀብራት ብለው ጠየቁ። አዎ ስትላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ነገሩ ወዲህ ነው። እድሩን ያቋቋሙት ከወለጋ፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ መጥተው በከተማው ዘመድ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ የቀን ሠራተኛ ዝናብ ሊጠለል በተተከለ ድንኳናቸው ገብቶ አድሮ እዚያው ሞቶ ተገኘ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። መሥራቾቹም ቀብረው፣ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው አለቀሱለትና በደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩ፦ በድንኳናችን ሥር የተገኘ ባለቤት የሌለው ሬሳ ወገናችን ነው።

«ደንቡ አለ» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «ግን ማን አስታወሰው? እኔ ራሴ ሳያት መጀመሪያ የደወልኩት ለናንተ ነው።»

ዱሬቲ መኪናው ውስጥ ገብታም የምታስበው ይህንኑ ነበር። ሬሳዋን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ሊደብቃት አልፈለገም ማለት ነው። እንድትገኝ ነው የፈለገው፣ ያውም ድንኳኑ በሚወጣበት ቀን።

አማኑ በበኩሉ የአቡጀዲውን ነገር ይዞ ሲዞር ከርሟል። የጨርቁ ጫፍ ላይ በሐምራዊ ክር የተሰፋ ምልክት ነበረው። ጦር ኃይሎች ሰፈር ያሉ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ዕቃ የሚያከማቹት አንድ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ጣቃቸው እንዳይቀላቀል ጫፉን በየራሳቸው ቀለም ይሰፉበታል። ሐምራዊው የወይዘሮ ዋጋነሽ ነው። ወይዘሮ ዋጋነሽ ደግሞ የማኑሄ እናት ናቸው።

ሱቃቸው ውስጥ ከጣቃዎቹ መሀል ቀጥ ብለው ቆመው ነበር ዱሬቲን ያስተናገዷት። አቡጀዲ ብዙ ሰው እንደሚገዛቸው፣ ገዢን ሁሉ እንደማያስታውሱ ነገሯት። ፎቶውን ስታሳያቸው መነጽር አልያዝኩም አሉ። መነጽሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ለጥያቄዋ የመለሰችላት የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆነችው ሉሲ ናት። ፎቶውን ገና ስታየው አፏን በእጇ ያዘች።

«ቦንቱ እኮ ናት። ምነው፣ አገሯ ገባች ብለውን አልነበር?»

ከዚያ ሉሲ የምታውቀውን አወራቻት። ቦንቱ ገና ልጃገረድ ሳለች ነው ወይዘሮ ዋጋነሽ ቤት የገባችው። እሳቸው ንግድ ላይ ሲውሉ ማኑሄን አዝላ ያሳደገችው፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰችው እሷ ናት። አፉን የፈታው በእሷ ቋንቋ አዮ ብሎ ነው፤ አዮ እናቴ ማለት ነው። እናትየው ይህን አይወዱትም ነበር። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ሽንኩርት ስትልጥ፣ ውሃ ስትቀዳ የምታነጋው ቦንቱ ነበረች። የምትሄደው ግን በእመቤቷ ስም ነው፤ ለራሷ እድር አልነበራትም። ቤተሰቡ ቤቴል አዲስ ቤት ሲገባ ለእሷ የሚሆን ክፍል የለም ተባለ። አገሯ ገባች የተባለውም ያኔ ነው።

ዱሬቲ ስሟን ይዛ ስትወጣ የተወለደባት ቁጣ ነበር። የሰው ዕድሜ በልቶ ክፍል የለንም የሚል ሰው ጎድን ቢሰብር አይገርማትም። ማኑሄ ሟቿን አላውቃትም ብሏል፣ እናቱም መነጽራቸውን ረስተዋል። አማኑ ሁለቱንም እንያዛቸው አለ። ልትስማማ ነበር። ግን ሐኪሙ ደወለ።

ምርመራው አልቋል። ሴትየዋ የሞተችው በልብ ሕመም ነው፤ ልቧ ደክሞ የቆየ ነበር። የጎድኑም ስብራት የዱላ አይደለም። አንድ ሰው ልቧን ሊመልስ ደረቷን ሲጫን የመጣ ነው። ያውም ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ብዙ ቆይቶ የተጫነ ሰው ነው አላት።

ዱሬቲ ስልኩን ዘጋች። ስትፈልገው የከረመችው ገዳይ የለም። ያለው ሊያድናት የታገለ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሰው ለምን ይደበቃል?

ወደ ኤልሻዳይ ተመለሰችና ሲስተሙ የማይቀበለውን ሲመልስ የተመለሰው ነገር ተመዝግቦ ይቆይ እንደሁ ጠየቀቻት። ኤልሻዳይ አታውቅም ነበር፤ ፈልገው አገኙት። ሲስተሙ የመለሰውንም ይይዛል፣ ማን እንደሞከረም ይይዛል። ሬሳዋ ከመገኘቷ በፊት በነበረው ምሽት በማኑሄ ስም አንድ ሰው ሊመዘገብ ተሞክሯል። ቦንቱ ይላል። ዝምድና፣ አሳዳጊ፤ አልተፈቀደም። ሞግዚት፤ አልተፈቀደም። ሁለተኛ እናት፤ አልተፈቀደም። ያሳደገችኝ፤ አልተፈቀደም። አዮ፤ አልተፈቀደም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሙከራ የለም። ኤልሻዳይ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

«እናት ብሎ ለምን አልጻፈም?» አለች ዱሬቲ።

«እናት የሚለው ተይዟል። ወይዘሮ ዋጋነሽ አሉ። አንድ አባል ሁለት እናት አይፈቀድለትም» አለች ኤልሻዳይ።

ማኑሄ አልካደም። ቦንቱን የት ያገኛት እንደነበር ዱሬቲ ስትጠይቀው ራሱ ይዟት ሄደ። ከቆሼ ጀርባ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ አንድ የኪራይ ክፍል ነው። የእንጨት አልጋ፣ ቡታጋዝ፣ አንድ ሳፋ። ግድግዳው ላይ የማኑሄ የትምህርት ቤት ፎቶዎች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ምረቃ ተሰቅለዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንባው እየወረደ ተናገረ።

ከሥራ ሲወጣ ሊጠይቃት ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ራት እያቀረበችለት ነው ደረቷን ይዛ የወደቀችው። መሥሪያ ቤት ያስተማሩትን የመጀመሪያ እርዳታ አስታውሶ ደረቷን ተጫናት። አጥንቷ ሲሰበር ሰምቷል፤ ሰምቶም አላቆመም። አልተመለሰችም። ለእናቱ ደወለና አዮ ሞተች፣ እኛ ቤት ድንኳን ይተከልላት አላቸው። እናቱም አገሯ ገባች ብዬ ለሰው ተናግሬ አሁን ምን ብዬ አስለቅሳለሁ፣ ምናችን ናት እላለሁ አሉት። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተ። የሠራው ሲስተም እንደማይቀበለው ያውቃል። እያወቀም ሞከረ።

«ብቻዬን መቅበር አያቅተኝም ነበር» አለ። «ግን አዮ ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ሰው ሳይሰማ መቀበርን ነው። የእድር ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ለእኔስ ማን ይነፋልኛል ትል ነበር። ሕፃን ሆኜ እኔ አልኳት። እኔ አስነፋልሻለሁ አልኳት።»

የድንኳኑን ደንብ የነገሩት ጋሽ ቦሩ ናቸው። አምስቱ ቃላት በጸደቁበት ጉባኤ ላይ እጃቸውን አውጥተው እንደኔ ያለ ዘመድ የሌለውስ ብለው የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መልስ ሳያገኙ ነው የተቀመጡት። ያን ምሽት ማኑሄ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አሮጌው ደንብ አልተሻረም አሉት። አንድ ጎረቤት ሴት ገላዋን አጠበች፤ እሱ ከእናቱ ሱቅ አቡጀዲ አመጣ፤ እሱና ጋሽ ቦሩ ተጋግዘው በእሱ መኪና አምጥተው ድንኳኑ ሥር አስተኟት። ማለዳ ስትገኝ ደንቡ ይታወሳል፣ ጥሩምባ ይነፋል ብለው ነበር። ፖሊስ ይጠራል ብለው አላሰቡም።

«አላውቃትም ያልከኝስ?»

ማኑሄ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ደንቡ ባለቤት የሌለው ነው የሚለው። አውቃታለሁ ካልኩ ባለቤት አላት፤ ባለቤት ካላት ደግሞ ከአምስቱ አትገባም። እንድትቀበርልኝ መካድ ነበረብኝ። እሷን ለማስቀበር ካድኳት።»

ዱሬቲ ብዙ የእምነት ቃል ተቀብላለች፤ እንዲህ ያባባት ግን አልነበረም። ሬሳ ሳያሳውቁ ማንቀሳቀስ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ታውቃለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህ እውነት ቀብሩ እስኪያልፍ ቢያድር ምን ይጎድላል ብላ አሰበች። ሪፖርቷን ከቀብር በኋላ እንደምትጽፍ ነገረችውና ጋሽ ቦሩን ልታስፈታ ሄደች። አቶ ወልደሰንበትንም አገኘቻቸው። ሴትየዋ በሕመሟ እንደሞተች፣ የተፈጸመባት ወንጀል እንደሌለ፣ ሬሳው ለሚቀብር እንደሚሰጥ ነገረቻቸው። ባለቤት አለ ወይ ሲሏት እድሩ የሚያውቀው ባለቤት የላትም አለች። ውሸት አልነበረም፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው።

አቶ ወልደሰንበት ኤልሻዳይን አዩ። ኤልሻዳይ ሲስተሙ ዝምድና ካልተሞላ ቀብር እንደማይመዘግብ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ኮምፒውተሩን እንድትዘጋው አዘዙ። ደንቡ ከሱ በፊት ነበር አሉ።

በነጋታው ጥሩምባው ቤቴልን ዞረ። ነፊው በየማዕዘኑ እየቆመ፣ ስሟን ያላወቅናት እናታችን አርፋለችና ወገን የሆናችሁ ሁሉ ለቀብር ውጡ አለ። ሰው ወጣ። ለቀብር የቀረ አባል ስለሚቀጣ ወይዘሮ ዋጋነሽም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ማኑሄ ከሕዝቡ ኋላ ከጎረምሶቹ ጋር ይሄዳል። አፈር ስትለብስ ሁሉም ያያል፣ የሚጮህ የለም፤ ለማያውቁት ማን ይጮሃል? ዱሬቲ ልጁን ታይ ነበር። እሱም አልጮኸም።

ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ያ ሸራ ነው፤ ፀሐይ ተመቶ ተተክሏል። ንፍሮ ቀረበ። ሰው ግን መቀመጥ ከበደው። ለቅሶ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ እዚህ የሚጽናና ሰው የለም። የሐዘንተኞቹ ወንበሮች ፊት ለፊት እንደተደረደሩ ባዶ ናቸው። አንዳንዱ ቆመ፣ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተንሾካሸከ።

ማኑሄ ከኋላ ተነሳ። በሰው መሀል አልፎ ሄዶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ስሟ ቦንቱ ነው» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። «ያሳደገችኝ ናት። የኔ ናት።»

ዱሬቲ አቶ ወልደሰንበትን አየቻቸው። አሁን ባለቤት ካላትማ ደንቡ አይሠራም ሊሉ ይችላሉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ፣ ፊቱ ደርሰው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያጥናህ ልጄ።»

ከኋላቸው ሌላው ተነሳ፣ ከሱም ኋላ ሌላው። ሰልፉ እስከ ድንኳኑ በር ደረሰ። ምንህ ናት ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ጋሽ ቦሩ ተራቸው ደርሶ ካጽናኑት በኋላ አልተመለሱም፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው ባዶ ቀረ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከሰልፉ መሀል ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ባዶውን ወንበር አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ዱሬቲ ይቀመጡ ይሆናል ብላ ጠበቀች። እሳቸው እንደማንኛውም ጎረቤት ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጥናህ» አሉ።

«አሜን፣ እማዬ» አለ ማኑሄ።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ትንሽ ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ሰው ይጠብቅ ስለነበር አልፈው ሄዱና ከሴቶቹ ጋር በመጨረሻው መደዳ ተቀመጡ።